ከናሱ ምሰሶ ወዲህ

ከህንድ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ገባሽ?» ይለኛል። በማኅበር ላይ፣ በሱቅ ወረፋ ላይ ይኸው ነው። አንዷማ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መብራት ይዞን ሳለ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ «ሙሉ፣ የእውነት ጣዖት ቤት ገባሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። ደግነቱ አረንጓዴው በራና አመለጥኩ። ለእያንዳንዱ ሰው ከመመለስ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ህንድ የመሄድ ሐሳብ የሌላችሁም አንብቡት፤ እኔም አልነበረኝም።

ሥራዬ አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብ ነው። ከቤቴ ከዴንቨር ሞንትቤሎ እየነዳሁ ጎረቤት ከተማ አውሮራ ሄጄ የምጠብቃቸው አንዲት የደቡብ ህንድ ሴት አሉ። «አማ» እላቸዋለሁ፤ በቋንቋቸው በታሚልኛ እናት ማለት ነው። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው በራሳቸው ቃና፣ እኔም በራሴ። እዚህ በአንቱታ የምጽፈው በልቤ የማናግራቸው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ክንዳቸው ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሴንሰር የስኳራቸውን መጠን ወደ ስልኬ ትልካለች። እዚያው ቁጥር ላይ ልጃቸው ሴንቲልም በራሱ ስልክ ያፈጥጣል።

ይህ ሴንቲል ከጥቂት ዓመታት በፊት በልቡ ታሞ ኦፕራሲዮን ሲገባ አማ ተስለው ነበር። ልጄ ከዳነ ፓላኒ ኮረብታ ላይ ላለው አምላክ ፀጉሬን ተላጭቼ እሰጣለሁ፣ እህል ሳልቀምስም ወጥቼ ፊቱን አያለሁ ብለው። ልጁ ዳነ፤ ስለቱ ግን ሳይገባ ቆየ። እኔ ቁልቢ የሚወርድ በሞላበት ሰፈር ነው ያደግኩት፣ የስለትን ነገር ማንም አያስረዳኝም። ያልተከፈለ ስለት ያለበት ሰው በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። አማም ሴንቲል ባሳለ ቁጥር ይደነግጡ ነበር።

ሴንቲል ራሱ እንዳይወስዳቸው ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል። አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ጠበቀኝና «ሙሉ፣ ስኳሯ ከወረደ ታበያታለሽ። ብትቆጣም፣ ብታለቅስም። ይህን ቃል ካልገባሽልኝ አልልካትም» አለኝ። ቃል ገባሁ። የንስሐ አባቴን ሳማክር ደግሞ «ሕመምተኛ መርዳት ጽድቅ ነው ልጄ። ማተብሽን ግን እንዳትፈቺ፤ ለጣዖት የቀረበም እንዳትበዪ» አሉኝ። ለእሳቸውም ቃል ገባሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ሁዳዴ ነበር። እሳቸው ሊጾሙ፣ እኔ እየጾምኩ፣ ሁለት ቃል ተሸክሜ ነው የተነሳሁት።

ሐሙስ፣ ከዴንቨር

ወደ ኤርፖርት ያደረሰችን ልጄ ቤቲ ናት። «ማሚ፣ ጀስት ቢ ኬርፉል፣ ኦኬ? ስልክሽን ሁሌ ቻርጅ አድርጊ» እያለች ስትመክረኝ እናቷ የሆነች ይመስል ነበር። ፍተሻው ላይ የአማ ኢንሱሊንና ለክፉ ቀን የያዝኩት የታሸገ ጭማቂ በሐኪም ወረቀት አለፈ። የተያዘው የእኔ በሶ ነው። ሰውየው ከረጢቱን አንስቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ገብስ ነው አልኩት። «ለምን ዱቄት ሆነ?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ኖሮኝ አያውቅም። በጨርቅ ጠርገው፣ ማሽን ውስጥ ከተው፣ አለቃ ጠርተው ሲያበቁ መለሱልኝ። አማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲስቁ ነበር።

አውሮፕላኑ ላይ ግን ሳቁ ቀረ። ሰው ሁሉ ሲተኛ የአማ ስኳር መውረድ ጀመረ፣ ስልኬም ጮኸ። ብስኩት አቀረብኩላቸው። ሳያንገራግሩ በሉና ዓይኔን እያዩ «ዛሬ እበላልሻለሁ። ፓላኒ ላይ ግን እንዳትጠይቂኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ፍራንክፈርት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ቅዳሜ፣ ቼናይ

ስንደርስ ሙቀቱ በሩ ላይ ተቀበለን። የዴንቨር ደረቅ አየር ናፍቆኛል ብል የሚያምነኝ የለም፤ እኔም በሕይወቴ እንደዚያ እላለሁ ብዬ አላሰብኩም። ከሙቀቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ሰዉ ነው። ሁሉም የሚያናግረኝ በታሚልኛ ነው። ዘበኛው፣ ሻይ ሻጩ፣ የሆቴሉ ጸሐፊ፣ ሁሉም ከአማ ይልቅ ወደ እኔ ዞረው ያወራሉ። ዴንቨር ውስጥ ስንት ዓመት ኖሬ እስከ ዛሬ «ከየት ነሽ?» እባላለሁ፤ እዚህ ከወረድኩ ገና በግማሽ ቀን የአገሩ ሰው ሆንኩ። አማ «ወደ ታች፣ ባሕሩ አጠገብ፣ አንቺን የሚመስሉ ብዙ ናቸው» አሉኝ። ደስ አለኝ። ይህ መልኬ በኋላ እንዴት እንደሚፈትነኝ አላወቅኩም።

እሑድ፣ በመንገድ ላይ

ወደ ማዱራይ በመኪና ወረድን። ሾፌራችን ዝምተኛ ሰው ነው፤ ስለ እሱ የሚያወራው ጡሩምባው ነው። ምሳ በሙዝ ቅጠል ላይ ቀረበ። ዶሳ የሚባለውን አይታችሁ እንጀራ ይመስላል የሚላችሁ ሰው ካለ እንጀራ የረሳ ሰው ነው። ይጣፍጣል፣ ግን እንጀራ አይደለም። እኔ ቅቤና እርጎ የሌለበትን ስመርጥ አሳላፊው ግራ ገባው። አማ አንድ ነገር ነገሩት፤ ሄዶ ምስር ብቻ ያለበት ወጥ አመጣልኝ። «ምን አሉት?» ብዬ ስጠይቃቸው «ስለት አለባት አልኩት» አሉ። ስለ ጾም ብዙ ማስረዳት የማያስፈልግበት አገር ነው።

ሰኞ፣ የሳሮጃ ቤት

ማዱራይ ያረፍነው የአማ ታናሽ እህት ወይዘሮ ሳሮጃ ቤት ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓይናቸው ከሰው የማይነቀል ሴት ናቸው። እግራችንን ሳንታጠብ ምግብ ቀረበ። እኔ ለመብላት እጄን ስዘረጋ ኩሽናው ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ መቅደስ አየሁ። ከፊቷ የተቀመጠው የእኔ ሳህን ከተቀዳበት ድስት የወጣ ሩዝ ነው። ያ ቤት የሚበስለውን ሁሉ አስቀድሞ ለአምላኩ ያቀርባል ማለት ነው። እጄ አየር ላይ ቀረ።

ምን ማድረግ ይቻላል? ለንስሐ አባቴ የገባሁት ቃል አለብኝ፣ የሴትየዋ ዓይን ደግሞ ሳህኔ ላይ ነው። ሆዴን አሞኛል አልኩ። ወይዘሮ ሳሮጃ ሳህኑን አነሱ፣ ፊታቸው ግን ተዘጋ። በአገራችን የቀረበለትን ማዕድ የመለሰ እንግዳ እንዴት እንደሚታይ ስለማውቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ማታውን በበሶ አሳለፍኩት፤ እዚያ ኤርፖርት የተፈተሸው በሶ በደንብ አገለገለኝ።

ጠዋት ስነሳ አማ ነግረዋቸው ኖሯል። ወይዘሮ ሳሮጃ በእጄ ይዘው ኩሽና አስገቡኝ። ምድጃው ላይ ድስቱ እየፈላ ነው። ገና ሳይወጣ፣ ገና ለአምላካቸው ሳይቀዳ፣ በሌላ ማንኪያ የእኔን ድርሻ ቀድተው ከደኑልኝ። «ይሄ የማንም አይደለም፣ ያንቺ ነው» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ከአምላካቸው በፊት ለማንም ቀድተው አያውቁም፤ ይህንን የነገሩኝ አማ ናቸው። እዚያ እስከቆየን ድረስ በየቀኑ እንዲሁ አደረጉ። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን አደርገው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። እርግጠኛ አይደለሁም።

ማክሰኞ፣ ማዱራይ

የማዱራይ ቤተ መቅደስ ግንቦች ከየትኛውም ጎዳና ይታያሉ፤ በላያቸው የተቀረጸው የአማልክት ብዛት አንገት ያሳምማል። እኔ ግን ብዙ አላየሁም፣ የማየው የአማን ፊት ነበር። ጫማ ማውለቁ አልከበደኝም፤ እኛም የምናደርገው ነው። የከበደኝ ስልክ ማስረከቡ ነው። ስልክ ወደ ውስጥ አይገባም። ስልኬን ሳስረክብ የአማን ስኳር የማይበት ዓይኔን ያስረከብኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

የውስጠኛው በር ላይ ሂንዱ ያልሆነ ከዚህ አያልፍም የሚል ሰሌዳ አለ። እኔ ቆምኩ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ተያይዘው ገቡ። ቅር አላለኝም፤ የእኛም መቅደስ ሁሉ ሰው የሚገባበት አይደለም። ግን ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ከበሮውንና ደወሉን እየሰማሁ፣ አሁን ወደቁ፣ አሁን ሰው ተሸክሟቸው ወጣ እያልኩ ጨረስኩት። ሲወጡ እየሳቁ ነበር። ወይዘሮ ሳሮጃ ቦርሳቸውን ከረሜላ ሞልተው ነበር የገቡት፤ ጣት ወግቶ የሚለካውን ማሽን እንዲጠቀሙም አስተምሬያቸዋለሁ። ፓላኒም እንዲሁ ይሆናል፣ እሳቸው ይዘዋቸው ይገባሉ ብዬ ተጽናናሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ስልክ ተደወለ። የወይዘሮ ሳሮጃ ባል ወንድም አርፏል። ለቅሶው ሌላ ከተማ ነው። ነገር ግን ችግሩ እሱ ብቻ አይደለም። በባል በኩል ሞት ሲኖር የቤቱ ሰው ለተወሰኑ ቀናት እንዳልነጻ ይቆጠራል፣ ቤተ መቅደስ አይገባም። አማን አይነካቸውም፤ ወይዘሮ ሳሮጃን ግን አስቀራቸው። ፓላኒ አማን ይዞ የሚገባ ሰው ጠፋ።

ሌላ ቀን ይሁን አልኩ። የመመለሻ ትኬታችን ግን ዓርብ ነው፣ የሴንቲል ሚስትም ምጥ ሊይዛት የደረሰች ናት። ወይዘሮ ሳሮጃ እያለቀሱ ከሣጥናቸው አረንጓዴ ሳሪ አወጡና ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

«ልበሺው» አሉኝ። «ማተብሽን ከውስጥ አድርጊው። ማንም አይጠይቅሽም፤ መልክሽ የእኛ ነው። እህቴ ብቻዋን ገብታ ብትወድቅስ?»

አማ መስኮት መስኮቱን ያዩ ነበር። ያን ቀን ሙሉ ሳሪው ከፊቴ ነበር። ብገባ የንስሐ አባቴን ምን እላቸዋለሁ? ባልገባና እኚህ ሴት እዚያ ሕዝብ ውስጥ ቢወድቁ ሴንቲልን ምን እለዋለሁ? ሲመሽ ልክክ አድርጌ አጠፍኩትና ለጠዋት አዘጋጀሁት።

ሐሙስ፣ ፓላኒ

ኮረብታው ከሜዳው መሀል ብቻውን ቆሟል፣ ቤተ መቅደሱ አናቱ ላይ ነው። ከሥሩ ጸጉር ቆራጮች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ወንዱም፣ ሴቱም፣ ሕፃኑም ይላጫል። አማ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። ያ ፀጉር አውሮራ ውስጥ በየሳምንቱ የኮኮናት ዘይት የምቀባው፣ የማበጥረው፣ የምጎነጉነው ፀጉር ነው። በአገራችን ሴት ራሷን የምትላጨው ሞት ሲደርስባት ነው። ምላጩ ሲያርፍ ዓይኔን ጨፈንኩና አማተብኩ። ስገልጥ አማ ጭንቅላታቸውን እየዳሰሱ ይስቃሉ። የሰንደል ቅባት ቀቧቸውና ራሳቸው ቢጫ ሆነ።

ስልክ ከማስረከቤ በፊት ቁጥሩን አየሁ። መጥፎ አይደለም፣ ግን ከጎኑ ያለችው ቀስት ወደ ታች ታመለክታለች። ወዲያው ሴንቲል ደወለ።

«ቀስቱን አየሽው?»

«አይቼዋለሁ።»

«ሙሉ፣ ቃልሽን።»

«አልረሳሁም» አልኩትና ስልኬን አስረከብኩ።

ኢንሱሊኑን ሐኪሙ እንዳለን ቀንሰናል። ይሁን እንጂ ወደ ኮረብታው አናት በገመድ የምትጎተተው ባቡር ወረፋዋ ረዘመ። ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ወረፋ፣ በብረት አጥር እየተጠማዘዘ የሚሄድ። በዓል ደርሶ ኖሮ ሕዝቡ ተጨናንቋል። እኔም እህል አልቀመስኩም።

ከመቅደሱ ፊት በናስ የተለበጠ ረጅም የሰንደቅ ምሰሶ አለ። እንግዳ የሚያልፈው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ሰሌዳው ይላል። አጠገቡ ዘበኛ ቆሟል። ደረስን። ሳሪዬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ በታሚልኛ አንድ ነገር ብሎ በእጁ እለፉ አለን።

ምንም አልጠየቀኝም። አንድ ቃል መዋሸት እንኳ አላስፈለገኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልገባ ነበር። አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። ያኔ አማ እጄን ጨበጥ አደረጉና «ሳሮጃ፣ እናታችን የታለች?» አሉኝ።

እጃቸው በዚያ ሙቀት ቀዝቅዟል፣ በላብ ርሷል። ከወረፋው ጎትቼ አወጣኋቸው፤ ምሰሶው ሥር አስቀምጬ ጣታቸውን ወጋሁ። ማሽኗ ያሳየችኝ ቁጥር በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ጭማቂውን ከፈትኩ።

«አማ፣ ይጠጡ።»

ከንፈራቸውን ገጠሙ። «ፊቱን ካየሁ በኋላ» አሉ። ወደ ራሳቸው ተመልሰዋል፤ ጭራሽ ባይመለሱ ይቀለኝ ነበር።

«አሁን።»

«እዚያ እኮ ነው፣ ሙሉ። ያ በር።»

በሩ ይታያል። ወረፋው ግን ገና ብዙ ይጠማዘዛል። እስኪደርሱ እንደማይቆሙ አውቃለሁ። በግድ ማጠጣትም አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው፣ ለሴንቲልም ቃል ገብቻለሁ። ግን ካጠጣኋቸው ስለታቸውን ያፈረስኩባቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሴንቲል ባሳለ ቁጥር በእኔ ጭማቂ የተነሳ የሚሞት ይመስላቸዋል። እንደዚያ እየፈሩ ከሚኖሩ መሞቱን የሚመርጡ ሴት ናቸው። በጣም ፈራሁ። አጎንብሼ በጆሯቸው ተናገርኩ።

«አማ፣ ስሙኝ። እኛ ጋ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ጾሞ ነው። የበላ ሰው ግን እቤቱ አይቀርም፤ ይመጣል፤ በሩ ላይ ውጭ ይቆማል። እዚያው ይሳለማል፣ እዚያው ይጸልያል። ማንም ቀረ አይለውም። መጣ ነው የሚባለው።»

«አምላካችሁስ?»

«እሱም መጣ ነው የሚለው።»

ይህን ለማለት ማን ሥልጣን እንደሰጠኝ አላውቅም። ቄስ አይደለሁም፣ ያ ቤትም የእኔ ቤት አይደለም።

«ብቻዬን ውጭ ልቁም?» አሉ። ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ነበር።

«ብቻዎን አይደሉም። እኔም ከዚህ ምሰሶ አላልፍም። ክርስቲያን ነኝ፣ አይፈቀድልኝም።»

ይህን ስል ማተቤን ከውስጥ አውጥቼ ሳሪው ላይ አደረግኩት። ዘበኛው አየ። መጣ። አሁን ያባርረናል ብዬ ስጠብቅ ከእኔ አንገት ወደ አማ የተላጨ ራስ፣ ከዚያ ወደ ጭማቂው ተመለከተ። አማ በታሚልኛ ነገሩት። ዞር ብሎ ሕዝቡን በሁለት እጁ ገፋ አደረገና ክፍተት ሠራ። በዚያ ክፍተት፣ ሩቅ ውስጥ፣ የመብራት ነበልባል ታየ። ሰውየው ደግሞ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

«ግንቡን ከውጭ ያየ ሰውም ፊቱን እንዳየ ይቆጠርለታል፣ እኛም የምናምነው ነው ይላል።» ከዚያ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ተማክራችሁ ነው የመጣችሁት» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

ጭማቂውን ጠጥተው ሲጨርሱ እጃቸውን አጣምረው ያንን ብርሃን ተሳለሙ። እኔ ሌላ ሌላውን እያየሁ አለቀስኩ። ዘበኛው ክፍተቱን እስኪበቃቸው ድረስ ይዞላቸው ቆየ።

ታች ስንወርድ ስልኬ በሴንቲል ጥሪ ተሞልቷል። «በላች?» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ። ጠጥተዋል አልኩት። ሲተነፍስ ተሰማኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ገባች?» አለኝ። አማ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። ከልጃቸው ጋር ሁሌም የሚያወሩት በታሚልኛ ነው፤ ያን ቀን ግን በእንግሊዝኛ መለሱ፣ እኔ እንድሰማው ይመስለኛል።

«መጥቻለሁ» አሉት። «ተቆጥሮልኛል።»

እሑድ፣ አውሮራ

እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው፤ አልገባሁም። አማም አልገቡም። ሕፃኗ በደኅና ተወልዳለች፣ ሴንቲልም ሲያስል እናቱ መደንገጥ ትተዋል።

ከተመለስን በኋላ በነበረው እሑድ አማ ቤተ ክርስቲያንሽን አሳዪኝ አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፣ ግን መንገዱን ሙሉ ስጨነቅ ነበር። ፓርክ ሳደርግ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ነጠላ ለብሼ፣ የሴንቲልን የሱፍ ኮፍያ ያጠለቁ ራሰ በራ ሴትዮ ደግፌ። አንዷ ጠጋ ብላ «እኚህ ሴትዮ ማን ሞቶባቸው ነው?» አለችኝ። ማንም አልሞተም፣ እንዲያውም ተወልዷል አልኳት። በልቤ፣ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ምን ይባል ይሆን እያልኩ ነበር።

በሩ ላይ ስንደርስ አማ ቆሙ። የጠዋቱ በረዶ ገና ከጥግ ጥጉ አልቀለጠም፤ እሳቸው ግን ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ቆሙ። ቅዳሴው ይሰማል። እጃቸውን ያዝኩና «ይግቡ፣ አማ፣ ከኋላ ወንበር አለ» አልኳቸው።

እጃቸውን ቀስ አድርገው ከእጄ አወጡና አጣመሩት።

«አንቺ ግቢ» አሉኝ። «እኔ ቁርስ በልቻለሁ።»